ስንጥቅ የሌለው ቺንጋ

መካኒኩ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ መሸፈኛ ፈትቶ ዘወር አለላት። ውድነሽ የፒካፕ መኪናዋ ሞተር ላይ ጎንበስ ብላ ቺንጋውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ስንጥቅ የለው፣ ጥርሶቹም ሙሉ ናቸው። ብግን አለች።

«ይኼ ምን ሆነና ነው የሚቀየረው? ትናንት የገባ አይመስልም?»

«አምስት ዓመቱ ነው እኮ፣ እትዬ። በመተማ ሙቀት ጊዜውን ጨርሷል። መንገድ ላይ ቢበጠስብዎ ሞተሩን ሰባብሮት ነው የሚያርፈው።»

«አጫጆቼ እርሻ ላይ ውኃ እየጠበቁኝ ነው። ሰሊጡን አስገብቼ እመለሳለሁ። ያኔም ቢሆን የምቀይረው መሰንጠቁን በዓይኔ ካየሁ ነው።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ከእርሻዋ ቆርጣ ያመጣችውን የሰሊጥ አገዳ ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳ። ከደጋ ከወረደ ገና ዓመት አልሞላውም።

«እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ አጨዳ ጀመራችሁ? እስኪደርቅ ብትጠብቁትስ?»

«ወይ የደጋ ሰው!» ብላ ሳቀችበት። «ሰሊጥ እኮ ከደረቀ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ያን ጊዜ ማጭድ ይዘህ ብትሮጥ ምን ልትሰበስብ? እኛ የምናጭደው ገና ደህና ሳለ...»

መካኒኩ ቀሪውን እየጠበቀ አገዳውን እንደያዘ ቆመ። እሷ ግን ዞር ብላ ቺንጋውን አየችው። ከዚያ ወደ ፒካፑ ኋላ ሄዳ የውኃ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር።

«ፍታና ቀይረው» አለችው። «ውኃውን በጎረቤት ትራክተር እልካለሁ።»