ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ራውተር

«አባዬ፣ የራውተሩ መብራት ሲጠፋ እንዳትነካው። ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይበራል።»

«ገባኝ አልኩሽ እኮ።»

«ወንበሩንም ከዚያ አንሣው።»

ልጅቱ በስልኳ በቪዲዮ እያየችው አባቷ ዞር ብሎ ወንበሩን ያየዋል፤ አያነሣውም። ወንበሩ ቁም ሳጥኑ ሥር ከተተከለ ከርሟል። ራውተሩ ያለው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ኢንተርኔቱ መኝታ ቤት አይደርስም ባይ ነው አባቷ።

ታዲያ ይኼ ራውተር በየሁለት ቀኑ ፍዝዝ ይላል። ያን ጊዜ አባቷ ወንበሩ ላይ ይወጣና ይነቅለዋል፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይሰካዋል። ባለፈው ወር ሲወርድ ወደቀ። እስካሁን ያነክሳል። «ዕድሜዬን ሙሉ የመብራት ምሰሶ ላይ ስወጣ ኖሬ ከወንበር ወደቀ ብለሽ ለሰው እንዳታወሪ» ብሏታል። አላወራችም። ቁጭ ብላ ኮምፒውተር በራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ስክሪፕት፣ ጻፈችለት።

ስክሪፕቱ ጥቂት መስመር ነው። አባትና እናቷን ልትጠይቅ የሄደች ጊዜ ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኘችው ትንሽ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፤ በየንጋቱ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ራውተሩን ጠፍተህ ተነሣ ይለዋል። ሰዓቱን ከመመደቧ በፊት ግን መሞከር አለባት። የምትሞክረው ደግሞ ሌላ ከተማ ተቀምጣ፣ በዚያው ራውተር በኩል ገብታ ነው። ከተሳሳተች ራውተሩ ጠፍቶ ይቀራል፣ የምትገባበትን በር በራሷ ላይ ትዘጋለች፤ የሚከፍተውም አባቷ ነው፣ ወንበር ላይ ወጥቶ።

ትእዛዙን ጽፋ ቁልፉን ትጫናለች። አባቷ አንድ ነገር ሊል አፉን እንደከፈተ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ይጠፋል።

ትጠብቃለች። ጥፍሯን ትበላለች። አባቷን ታውቀዋለች፤ የጠፋ መብራት እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልፈጠረበትም። የእናቷ ስልክ ላይ ትደውላለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሣም።

«ወጥቷል» ትላለች ለራሷ። «በቃ፣ ወጥቷል።»

እንደገና ልትደውል ስትል የቪዲዮ ጥሪ ይመጣል። የእናቷ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል።

«እማዬ፣ ስልክ ለምን አታነሺም?»

«በየትኛው እጄ? በሁለቱም የአባትሽን ቀበቶ ይዤ! አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ነበር እኮ።»

«ላየው ብዬ ነው» ይላል አባቷ ከኋላ።

«በእግርህ ነው የምታየው?»

ልጅቱ ትስቃለች፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ያቀርራል። «ግን ራሱ ተነሣ አይደል፣ አባዬ?»

«ተነሣ» ይላል አባቷ። «እኔ ስሰካው እንኳ እንዲህ ቶሎ አይነሣም ነበር።»

«በቃ፣ ከእንግዲህ በየንጋቱ ነው። ተኝታችሁ።»

«ወንበሩ ሥራ ፈታ በይኛ።»

ልጅቱ የንጋቱን ሰዓት ጽፋ ስታስቀምጥ እናቷ ስልኩን ታዞረዋለች። «እስቲ እዪው» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ወንበሩ እዚያው ቁም ሳጥኑ ሥር ነው። አባቷ ተቀምጦበታል። የሚያመውን እግሩን ዘርግቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከአናቱ በላይ ብልጭ ድርግም የምትለውን አረንጓዴ መብራት ያያል።