ዳዶ ያዡ

ሶላር ገጣሚው ለራሱ «ንፋስ አይደፍሬ» የሚል ስም ያወጣ፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ደመና ጎንበስ ብሎ የሚያሳልፈው ጉደኛ ነበር። ቡሎን ሲታሰር አንዱ ከላይ ያጠብቃል፣ ሌላው ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የቡሎኑን ጫፍ የሚቆልፈውን ዳዶ ይይዛል። እሱ ግን ሙያውን ለማንም ማካፈል ስለማይወድ ለብቻው ይሠራል፤ ሶላሩን ቪቴ በሚሉት አጭር ጠመዝማዛ ምስማር ቆርቆሮው ላይ ለጥፎት ይወርዳል። አምና እንዲያ የለጠፈውን አንድ ሶላር ንፋስ ገንጥሎ በቤቱ ባለቤት አናት ላይ ጣለውና ሰውየው ግቢው ውስጥ ሞተ። ገጣሚው «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ አለፈው።

ዛሬ የሟቹ ሚስት ያንኑ ሶላር መልሶ እንዲያስር አስጠራችው። ግቢው ውስጥ ቆማ አይኗን ስላልነቀለችበት ማጭበርበር አልቻለም፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቡሎኑን በቆርቆሮውና በጣሪያው እንጨት አሳለፈና፣

«እትዬ፣ ኮርኒስ ውስጥ ዳዶ የሚይዝልኝ ሰው ይኖርዎታል?» አላት።

«አለልህ። አንተ ብቻ አጥብቅ።»

እውነትም ከስር አንድ ሰው ዳዶውን ጨምድዶ ያዘለት። አራቱም ቡሎኖች ጠበቁ። አገር የሚነቅል ንፋስ መጣ፤ ሶላሩ ንቅንቅ አላለም።

«አቤት ጉልበት! ማነው እሱ?»

«ባለቤቴ ነዋ።»

«እትዬ ደግሞ ቀልድ ይችሉበታል!» ብሎ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ሴትየዋ አልሳቀችም። መሰላሉን ከግድግዳው አንስታ መሬት ላይ አጋደመችው። ከዚያ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብላ፣ ምሳ እንደምታቀርብ ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ፣

«የኔ ጌታ፣ ሶላሩ ይበቃዋል። አሁን እሱን እሰርልኝ» አለች።

በገጣሚው ጫማዎች መካከል ቆርቆሮው ከስር ወደ ላይ መበሳት ጀመረ።