መንገድ ላይ ላለ ሰው

ባሕር ለበላው ስደተኛ ሁሉ፣ ጀልባው በሰመጠበት ቦታ በስሙ አንድ ተንሳፋፊ ኳስ ይጣልለታል። ኳሱን የሚጥሉት የባሕር አጥኚዎች ሞገዱ ወዴት እንደሚነዳ ከኳሱ ይማራሉ፤ ለቤተሰቡ ደግሞ ኳሱ የደረሰበትን የምታሳይ ትንሽ ስክሪን ይሰጣሉ። ለእኛም ተሰጠን። የወንድሜ የንጋቱ ኳስ ከቀይ ባሕር ወጥቶ ሕንድ ውቅያኖስ ገብቷል።

ስክሪኗ ከመጣች ወዲህ ለቅሶ ልድረስ ብሎ ቤታችን የመጣ ሰው የለም። የከተማችን የቆቦ ሰው እናቴን ገበያ ሲያገኛት "እግዜር ያጥናሽ" አይላትም፤ "ዛሬስ የት ደረሰ?" ነው የሚላት። እሷም ትነግረዋለች! ስክሪኗ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ስታሳይ ደግሞ እናቴ ጋቢ ታለብሳታለች።

"እማዬ፣ ኧረ እርማችንን እናውጣ!" ብዬ ስጮህባት፣ "መንገድ ላይ ላለ ሰው አይለቀስም" ትለኛለች።

ትናንት የአጥኚዎቹ አስተርጓሚ ደወለ። ኳሱን ማዕበል ገፍቶ ኦማን ዳርቻ ላይ ጥሎታል።

"ግን አይስጉ፣ ምንም አልሆነም" አለ። "ነገ በጀልባ ወስደን ውሃው ላይ እንመልሰዋለን።"

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"አሁን መሬት ላይ ነው?"

"አዎ እናቴ፣ አሸዋ ላይ ነው።"

ስክሪኗን አንስታ አየቻት። ሰውየው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል።

"አትመልሱት የኔ ልጅ" አለችው። "እዚያው ቅበሩልኝ። ንጋቱ ዋና አይችልም።"

ስልኩን ሳትዘጋ መልሳ ሰጠችኝና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።