ፎቶው ላይ የሌለው ቤት

ጡረተኛው ግንበኛ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋው ካርታ፣ ልክ አረንጓዴ በተቀባው ቦታ ላይ አስቀመጠው። «ይኸውልሽ ቤቴ። በገዛ እጄ ገንብቼ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት። እንዴት ፓርክ ተባለ ብዬ ነው የምጠይቅሽ፣ ልጄ።»

የፕላን ባለሙያዋ ቁልፉን በሁለት ጣቷ አንስታ መለሰችለትና ከአውሮፕላን የተነሳውን ፎቶ አዞረችለት። የጎረቤቶቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ያብለጨልጫል። የእሱ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ቅጠል ነው፤ ሟች ሚስቱ የተከለቻቸው ዛፎች ጣሪያውን ድፍን አድርገው ሸፍነውታል። «እዚህ ጋ ቤት የለም፣ አባባ። ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው አረንጓዴ ቦታ ተብሎ የጸደቀው።»

«አሃ! ግቢዬን እንደነሱ ራቁቱን ባስቀረው ኖሮ ቤቴ ቤት ይባል ነበር። የእጄን አገኘኋ!» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ቁልፉን ጭብጥ ሲያደርገው መዳፉን ወጋው። «እሺ፣ ነገ መጥረቢያ ይዤ ሁሉንም ብጥላቸውስ? ያን ጊዜ ቤቴ አይታይም?»

ባለሙያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። እንደሚያዝንለት ዘመድ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንዳያደርጉት፣ አባባ። አረንጓዴ ቦታ ላይ ዛፍ መቁረጥ ያሳስራል።»