አራተኛው ንግግር

ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ሥልጠና የሚሰጠው ዶክተር፣ ስለ ነፃነት የተደረጉ ሦስት ዝነኛ ንግግሮችን ሲያነጻጽር ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታ።

"ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው! ሰው ነፃነቱን ከማንም አይለምንም!"

ከፊት የተቀመጡት አለቆች አጨበጨቡ፤ ስለዚህ ሁሉም አጨበጨበ።

የመዝገብ ቤቷ ጥሩወርቅ ከኋላ ተነሳች። "ዶክተር፣ ትምህርቱ ደስ ይላል። ግን ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣበት ሰዓት አለፈ፤ በሩ ደግሞ ተቆልፏል።"

"ተቆልፏል? በዚህ ዘመን?" ዶክተሩ በሩ አጠገብ የቆመው ጥበቃ ላይ ጮኸ። "ማነው ሰው ላይ በር የሚቆልፈው?"

ጥበቃው ግራ ገባው። "ባለፈው ከሻይ በኋላ ሰው ሁሉ ሾልኮ ሄደብኝ፣ ዛሬ ቆልፍልኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወደ አራተኛው ንግግር እንለፍ።"