ለወጉ ያህል

ሩካያ በወርቅ የተጠለፈውን ካባ አባቷ አንገት ሥር እየቆለፈች ሳለ የአገረ ገዥው ረዳት ሳያንኳኳ ገባ።

"ጌታዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል። አገረ ገዥው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።"

አባቷ የደሴቲቱ ሱልጣን ናቸው። ሱልጣንነታቸው ግን ለሠርግ፣ ለቀብርና ለበዓል ነው፤ የሚያዙት ወታደር፣ የሚያወጡት ሕግ የላቸውም። ታሪክ አስተማሪዋ ሩካያ ተማሪዎቿ ስለ እሳቸው ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች።

በመስኮቱ ሕዝቡ ይታያል፤ ኮረብታው ሥር ሣር ላይ ተቀምጧል። ሦስቱም መንደሮች የሚጠጡት ምንጭ የሚፈልቀው ከዚያ ኮረብታ ነው። ኒኬል ስለተገኘበት ግን ዛሬ ቁፋሮው ይመረቃል። ሰው ጮኾ ነበር፤ የሰማው የለም።

"እኔ ምን ላድርግ ነው የምትሉት?" አሉ ሱልጣኑ።

"ምንም። ይቀመጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ አለቀ።"

"ባልመርቅስ?"

ረዳቱ ሳቀ። "ቁፋሮው እንደሆነ ተፈቅዷል። የእርስዎ ለወጉ ያህል ነው።"

"ለወጉ ያህል ከሆነማ እኔ ብቀር ምን ይጎድላችኋል?"

"ኧረ ጌታዬ! ሕዝቡ ምን ይላል?" አለና ረዳቱ ከንፈሩን ነከሰ። ቃሉ አምልጦታል።

ሱልጣኑ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ካባውን ፍቺልኝ።"

"አባባ፣ ቤቱ የመንግሥት ነው። ያስወጡናል እኮ!"

"ያስወጡን! ሁሉን ወስደው ወጉን ብቻ ነው የተዉልኝ። እሱንማ አልሰጣቸውም።"

ሩካያ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ካባውን ከትከሻቸው አውልቃ ረዳቱን አሸከመችው።

ሱልጣኑ በቤት ሽርጣቸው፣ በባዶ እግራቸው ወጡ። የተዘጋጀላቸውን ዙፋን አልፈው ሣሩ ላይ ከሕዝቡ መሀል ተቀመጡ። ከበሮ መቺዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ምቱ እንጂ!" አለ አገረ ገዥው በማይክሮፎኑ።

"ለማን ብለን?" አለው አንዱ መቺ፤ ዱላውን መሬት ላይ አኖረ።

አገረ ገዥው ሪባኑን ብቻውን ቆረጠ። ያጨበጨበ የለም። ቆፋሪው ማሽን እያጓራ ሽቅብ ሲንቀሳቀስ ሱልጣኑ የሩካያን ክንድ ተደግፈው ተነሡና ወደ ኮረብታው አቀኑ። ኑ ያሉት ሰው የለም፤ ሩካያ ዞር ስትል ግን ሣሩ ላይ የቀረው ምንጣፍ ብቻ ነበር።

ማሽኑ ፊት ሲደርሱ ሹፌሩ አያቸው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ የራስ ቁሩንም አወለቀ።