ግራ ጉልበት

የአውሮፓ የእጅ ኳስ ክለቦች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነው። የመልሱ ጨዋታ ሰዓት አልቆ የቀረችው አንዲት የሰባት ሜትር ቅጣት ብቻ ነበረች። ወርዋሪው ካገባት ቡድኑ ያልፋል፤ ከሳታት ይወድቃል።

ኳሷን ይዞ መስመሩ ላይ ሲቆም፣ ተጋጣሚዎቹ ለቅጣት ብቻ የሚያስገቡት ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ከወንበር ተነስቶ መጣ። ዝላትኮ ነበር። በድሮ ክለባቸው ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ያደሩ ጓደኛሞች ናቸው።

ያኔ ዝላትኮ በሩን ዘግቶ እንዲህ ብሎት ነበር፦ "ግራ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ክለቡ ካወቀ ያሰናብተኛል። ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።"

አሁን ወርዋሪው ወደዚያ ጉልበትማ አልወረውርም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ፊሽካው ሲነፋ ግን እጁ አላማከረውም። ዓይኑን ከዝላትኮ ዓይን አሽሽቶ፣ በግብ ጠባቂው ግራ እግር በኩል ዝቅ አድርጎ ላካት።

ግራው እግር እንደ መብረቅ ተዘርግቶ ኳሷን መለሳት።

አዳራሹ በጩኸት ሲናጥ፣ አንገቱን ደፍቶ ሊወጣ ሲል ዝላትኮ ትከሻውን ያዘው።

"ጉልበቴ ከዳነ ዓመት አለፈው" አለው በቀስታ። "ሐኪሙ ድነሃል ያለኝ ዕለት መጀመሪያ የደወልኩት ላንተ ነበር። አላነሳህም።"